ቅቤ የተቀቡት ችካሎች

ሐሙስ ጠዋት ከቤት የወጣሁት እየተነጫነጭኩ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ ጫልቱ፣ ከአቃቂ ወዲያ ካለው መንደሯ ሰው ልካ «የቧንቧ ውሃ ሊገባልን ነውና መጥታችሁ ደስታችንን እዩልን» ብላለች። እናቴ ወገቧን ይዟት ስለሰነበተ የተላክሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት የከረምኩ ስለሆንኩ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ማምለጥ አልቻልኩም። ስኳርና ሳሙና በዘንቢል ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ያየሁት እየተናደድኩ ስለሆነ እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

ከለገሃር እስከ ሳሪስ

አውቶቡሱ ከለገሃር ሲነሳ ጢም ብሎ ነበር። አንድ ወፍራም ሰውዬ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ተኛ፤ ሁለት ጊዜ ገፋሁት፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሳሪስ ስወርድ ቀሚሴ የተረገጠ ወረቀት መስሎ ነበር።

ከአንዱ ሱቅ ደጃፍ ጥላ ስር ቆሜ ባለሱቁን መንገድ ጠየቅሁት። ጉራጌ ነው፤ ከስልሳ ዓመት አያንስም፤ ጨው እየመዘነ ነበር።

«ጎሮ ዋዩ የሚባል መንደር የሚሄድ መኪና ከየት ይነሳል?»

«ጎሮ ምን?»

«ዋዩ። ከአቃቂ ወንዝ ወዲያ፣ ቱሉ ዲምቱ ሳይደረስ።»

«አሃ! የወዲያ ሰዎች!» አለ። «እኛ እንደሱ ነው የምንላቸው። ዶሮና እንቁላል ይዘው ይመጣሉ። ስም እንዳላቸውም አላውቅም ነበር። መኪናማ የለም፤ እስከ ቃሊቲ በጋሪ ሂጂ፤ ከዚያ እግር አለሽ።»

ክፋት የለበትም፤ የምቀመጥበት ዱካም አውጥቶልኛል። ግን እኒህ ሰዎች በየሳምንቱ ዶሮ ይሸጡለታል፤ ስማቸውን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ከሳሪስ እስከ ወንዙ

ጋሪው ሃምሳ ሳንቲም አስከፈለኝ፤ አጥንቴን ግን በነፃ አንገጫገጨው። አንድ ቦታ ላይ ባለጋሪው በአለንጋው ቆርቆሮ ሰሌዳ አሳየኝና «ማዘጋጃ ቤት እዚህ ላይ ያበቃል» አለኝ። «ከዚህ ወዲያ መንገድ ቢቆረጥ፣ ሰው ቢሞት፣ የሚመለከተው የለም።» ሲናገር ይስቃል። ፈረሱ ግን ልዩነቱን አላወቀም፤ እንደነበረው ሄደ።

ቃሊቲ ላይ ወርጄ በእርሻው ጠርዝ በእግሬ ተጓዝኩ። በስተግራ ጤፉ ገና ለጋ ነው፣ ነፋሱ ያስተኛዋል። በስተቀኝ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ተደርድሯል። ወንዙ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። የውሃው ቀለም ወይን ጠጅ ነበር። በእንስራ የምትቀዳ አንዲት ሴት አገኘሁና «ይሄንን ነው የምትጠጡት?» አልኳት።

«ትናንት ሰማያዊ ነበር» አለችኝ። «የፋብሪካው ሰዎች ክሩን የነከሩበትን ነው የሚለቁት። ቀይ ሲሆን ነው የሚከፋው፤ ጥጃ ገድሎብናል። አሁንማ ቧንቧ ሊገባ ነው፣ እልል በይ!»

ጎሮ ዋዩ

መንደሩ አሥራ አንድ ቤት ነው። በመካከሉ ትልቅ ዋርካ አለ። መጀመሪያ ያየሁት ግን ችካሎቹን ነው። አናታቸው ቀይ የተቀባ የእንጨት ችካሎች ከማሳው መሃል፣ ከበረት አጠገብ፣ ከቤት ጓሮ ተተክለዋል። እያንዳንዱ ችካል ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል። ጠጋ ብዬ ሳይ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ተለድፎበታል፤ ከስሩ እርጥብ ሳር ተነስንሷል።

አክስቴ ጫልቱ አገላብጣ ስማኝ እጄን ይዛ ወደ ጓሮዋ ወሰደችኝ። «ይቺ የኛ ናት!» አለች፤ ችካሏን እንደ ልጅ እያሳየችኝ። «ከብት እንዳይነቀንቃት እኔው ነኝ ያጠርኳት። እዚህ ላይ ነው ቧንቧው የሚቆመው።»

በአገራቸው ልማድ በጎ ነገር ሲመጣ ቅቤ ይቀባል፣ እርጥብ ሳር ይደረግለታል፤ ሽማግሌም ይመርቀዋል። ችካሎቹን የመረቁት የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ቱፋ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ምሳ ስንበላ አወጉኝ። ከወር በፊት ባለ ሦስት እግር መነጽር የያዙ ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። መንደርተኛው ችካል ተሸከመላቸው፣ ገመድ ያዘላቸው፣ በግ አረደላቸው።

«ውሃ ነው ያሉት እነሱ ናቸው?» አልኳቸው።

«እኛ ነን የጠየቅናቸው። ‹ለውሃው ነው አይደል?› አልነው ረጅሙን ኢንጂነር። ስጋ እየበላ ነበር። ፈገግ አለ።»

«ፈገግ አለ? በቃ?»

«አፉ ሞልቶ ነበር፣ ልጄ።»

የያዝኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ። ቧንቧ ከምንጭ ወደ ሰው በአንድ መስመር ይመጣል፤ እነዚህ ችካሎች ግን መንደሩን ሲከብቡ ነው ያየሁት። «ኦቦ ቱፋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እስቲ ችካሎቹን አብረን እንዙራቸው» አልኳቸው።

ዞርን። ከአክስቴ ጓሮ ተነስተን በማሳው ዳር፣ በዋርካው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ ወርደን፣ እንደገና ሽቅብ። በመጀመሪያው ማዕዘን ቧንቧው እዚህ ይታጠፋል አሉኝ። በሁለተኛው ዞረው የመጣንበትን አዩ። በአራተኛው ስንታጠፍና የአክስቴ ጓሮ ከፊታችን ሲመጣ ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

«አባቴ ለባለርስቱ መሬት ሲያስለካ እንዲህ ነበር የሚዞረው» አሉ።

የፋብሪካው በር

ላንድሮቨሩ ከወንዙ ዳር ፋብሪካ ግቢ ሲወጣ አክስቴ አይታ ስለነበር ወዲያው ወደዚያ ሄድን፤ እኔ፣ ኦቦ ቱፋና አክስቴ። ዘበኛው ብዙ ካስቆመን በኋላ ክራቫት ያሰረ ጸሐፊ መጣ፤ ከኔ ብዙም አይበልጥም።

«መሬቱን ባለርስቱ ሸጦታል» አለ። «ችካሉ የአዲሱ መጋዘን ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይታጠራል።»

«ሰዎቹስ?» አልኩት።

«የቱ ሰዎች?»

«እኒህ! ከፊትህ የቆሙት!»

«እመቤት፣ አትጩሂብኝ። የተሸጠው ባዶ መሬት ነው። ጭሰኛ ዘንድሮ እዚህ ያርሳል፣ ለከርሞ ሌላ ቦታ ያርሳል።»

ኦቦ ቱፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር። «ልጄ፣ ያ ረጅሙ ሰው በጋችንን ሲበላ ይሄን ያውቅ ነበር?»

«እሱ ለካ እንጂ ምን አደረገ? የታዘዘውን ነው የሚለካው።»

«ስጋውንም ታዝዞ ነው የበላው?» አልኩት። ዘበኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጸሐፊው ግን ቀልቶ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንድናመለክት ነገረን። ማዘጋጃ ቤቱ ከወንዙ ወዲህ ሰሌዳ ተክሎ ማብቃቱን ስነግረው ትከሻውን ሰብቆ ገባ። አንዱ ሸጦናል፣ አንዱ ገዝቶናል፣ ሦስተኛው ደግሞ አያውቀንም። እየተመለስን መንገዱን ሙሉ ተሳደብኩ።

ከብት ሲገባ

ጓሮ ስንደርስ ዘንቢሌን ወርውሬ ችካሏን በሁለት እጄ ጨበጥኳት። አክስቴ ክንዴን ያዘች። ጠንካራ ናት።

«ተይ፣ ጽጌ!»

«ቤትሽን ሊያፈርሱት ነው እኮ! ቅቤ ስለቀባሻት ነው የምታሳዝንሽ?»

«አንቺ ነገ ከተማሽ ትገቢያለሽ። ፖሊስ ሲመጣ ማን ነቀለው ይላል። የሚታሰረው ቱፋ ነው፣ የሚገረፈው የኔ ባል ነው። ደግሞ የተመረቀ ነገር ላይ እጅ አይነሳም። መጀመሪያ ምርቃቱ ይነሳ።»

ለቀቅኳት። አፍሬ ሳይሆን ልክ ስለሆነች።

ሽማግሌዎቹ ዋርካው ስር ተቀመጡ። ጠብ ነበር። አንዱ ባለርስቱ እግር ላይ እንውደቅ አለ፤ ሌላው እናቃጥላቸው አለ፤ ሴቶቹ ከዳር ሆነው ሁለቱንም ሰደቡ። በመጨረሻ ኦቦ ቱፋ ተነሱ።

«ችካሉን የተከሉት እነሱ ናቸው፤ ማንም እንዳይነካው። ቅቤውን የቀባነው ግን እኛ ነን። እሾሁንም ያጠርነው እኛ ነን። የራሳችንን እንውሰድ።»

ሴቶቹ በእርጥብ ሳር ቅቤውን ከየችካሉ ጠረጉ፤ ሳሩንም ወስደው ወንዙ ውስጥ ጣሉት። ይህን ሲያደርጉ እልልታ የለም፣ ዘፈን የለም። ወንዶቹ እሾሁን አነሱ። ከዚያ ከብቱ ገባ። በሬ ቀኑን ሙሉ ሲያሳክከው ውሎ፣ እንደዚያ የቆመ እንጨት ሲያገኝ ምን ያደርጋል? የአክስቴ ባል ቀይ በሬ አንገቱን ችካሏ ላይ አስደግፎ ሁለት ጊዜ ታከከ፤ በሦስተኛው ችካሏ ተጋደመች።

«ኧረ ተው አንተ በሬ!» አለች አክስቴ፣ እጇን አጣምራ እንደቆመች። «የፋብሪካው ዕቃ ነው!» መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ግን ረጅም አልነበረም፤ ክረምት እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል።

ቤት

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቤት ገባሁ። እናቴን «ውሃ አልገባም» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። አክስቴ ከኛ ጋር እንድትኖር ለምኜ እምቢ ማለቷንም ነገርኳት። የኔን ጩኸት የለመደች እናቴ በዚህኛው አላቋረጠችኝም።

ትምህርት ቤት ከተማ ምን እንደሆነ አስተምረውኛል፤ ሕዝቡን፣ ፋብሪካውን፣ የባቡሩን ሐዲድ። ከተማው የት እንደሚያልቅና ያለቀበት ላይ ማን እንደሚኖር ግን በጉዞ ነው ያየሁት፤ ግማሽ ቀን እንኳ በማይፈጅ ጉዞ። በጣም ያናደደኝም መሬት መሸጡ ብቻ አይደለም። በሰዎች ማዕድ ቀርቦ፣ ቤታቸውን የሚያፈርስ ገመድ አስይዟቸው፣ ሲጠይቁት ፈገግ ማለቱ ነው።

«ለካዮቹ መመለሳቸው አይቀርም» አለች እናቴ።

«እኔም እመለሳለሁ። አክስቴ ጋ ነው የምከርመው፤ እዚህ የሚጠብቀኝ ሥራ የለም።»

«ሄደሽስ ምን ትያቸዋለሽ?»

«ቁጭ በሉ እላቸዋለሁ። ያ ረጅሙ ኢንጂነር አፉ ባዶ ሆኖ፣ የአክስቴን ዓይን እያየ፣ ችካሉ የምን እንደሆነ ይነግራታል። ከዚያ በኋላ መለካት ከቻለ ይለካ።»