የአበረ መኪና የመጀመሪያ ተሳፋሪ

በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ፣ እንጅባራ ገና ኮሶ በር በሚባልበት ጊዜ፣ አበረ የሚባል ሰው መኪና ሠራ። ገዛ አይደለም፤ ሠራ። ዛሬ ይህን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ። ያኔም የሳቀው ብዙ ነበር፤ የሳቀው ሁሉ ግን በሰበብ አስባቡ ወደ አጥሩ ብቅ እያለ መመልከቱን አልተወም።

አበረ የገበሬ ልጅ ነው። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ሲመላለስ ኖሮ፣ አንድ ክረምት መኪናው ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ቀኝ እግሩን ሰበረው። እግሩ ዳነ፤ ግን አጠረ። ሹፌሩም ሌላ ረዳት ቀጠረ። አበረ በዱላ እያነከሰ አገሩ ገባ፤ ማረስ አይችል፣ መነገድ አያውቅ። የሚያውቀው መኪና ብቻ ነበር፤ በአገሩ ደግሞ መኪና ያለው ሰው የለም። የነበረው አንድ ካሚዮን ብቻ ነው፤ እሱም ጣልያን ሲሸሽ ከዘንገና ወዲያ ገደል ሰድዶት የሄደው፣ ግማሹ የዛገ፣ ጅብ የሚያድርበት።

አበረ ያንን ካሚዮን ላወጣ ነው ብሎ ተነሣ። ዘመዶቹ አበደ አሉ። አብሮ አደጉ ክንዴ ብቻ መቼ እንሂድ አለው። ክንዴ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ለሰው እንቢ ማለት አይችልም፣ ከሰው ደግሞ ምንም መጠየቅ አይሆንለትም። ሁለቱን በሬዎቹን ጠምዶ ሞተሩን ከገደሉ ሲያስጎትት አንደኛው ተንሸራቶ ወገቡ ተሰበረ፤ እዚያው ታረደ። ለገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። ክንዴ ሥጋውን ለመንደሩ አከፋፈለ፣ ቆዳውን ተሸክሞ ቤቱ ገባ፣ በዚያ ዓመት በፈረስ አረሰ። አበረ የበሬውን ካሳ ነገር ቢያነሣበት ተቆጣው እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ስለ በሬው ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ በኋላ ያለው የዓመታት ነገር ነው። አበረ ሞተሩን ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ፤ አልነሣም ሲለው እንደገና ፈታ። የጎደለውን ዕቃ በቀድሞ ባልንጀሮቹ፣ በሹፌሮቹ እያስላከ ከአስመራም ከአዲስ አበባም ለቃቀመ። ያላገኘውን ራሱ ግቢው ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ወናፍ እየነፋ፣ ብረት እየቀጠቀጠ አወጣው። የመኪናይቱን አካል ከዋንዛ ሳንቃ ሠራ፣ ከላይ ሸራ አለበሳት።

ጣጣው የመጣው ከወናፉ ነው። በዚያ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። ሰው ማረሻ ሲያስፈልገው ደጁን ይጠናል፤ ማረሻውን ይዞ ዘወር ሲል ደግሞ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ይለዋል። አበረ የጠይብ ዘር አልነበረም፤ አባቱም አያቱም አራሾች ናቸው። ግን ወናፍ ለነፋ ሰው ማን ዘሩን ይቆጥርለታል? እናቶች ልጆቻቸውን ከአጥሩ ሥር እየጠሩ ማራቅ ጀመሩ። ሚስቱ ካሳነሽ ማኅበር ስትሄድ በእሷ እጅ የሚቀዳ ጠላ ጠጪ አጣ። ይህ ነገር አበረን ከተሰበረው እግሩ የበለጠ አመመው።

ስለዚህ መኪናይቱ ለእሱ የእንጀራ ነገር ብቻ አልነበረችም። ሰው ተሳፍሮባት ገበያ ደርሶ፣ በደህና ቤቱ ሲመለስ ያ ወሬ ይሞታል ብሎ ነበር። አንድ ክፉ ነገር ከደረሰባት ግን ወሬው እሱንም ሚስቱንም ከነነፍሳቸው ይቀብራቸዋል። ይህን ቀንም ሌትም ያስበው ነበር።

ለሰሌዳው ዳንግላ፣ አውራጃው ድረስ ስንት ጊዜ ተመላለሰ። የማን ሥሪት ናት ሲሉት የእኔ ይላል፤ ይስቃሉ፤ ነገ ተመለስ ይሉታል። በመጨረሻ አንድ መርማሪ መጣ። ዳገት አስወጣት፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አስያዘው፣ ከሥሯ ገብቶ አየ፣ ልብሱን አራግፎ ደህና ናት አለ። ሰሌዳ ተሰጣት። አበረ ደግሞ ለገዛ ልቡ ብሎ ድንጋይ ሞልቶባት ጥርባ ድረስ ወስዶ መለሳት፤ እንከን አልተገኘባትም። ይህን ልብ ማለት ደግ ነው፤ መኪናይቱ ምንም አልቀራትም ነበር።

የቀረው ሰው ነበር። አዲስ ነገር በማን እግር ተጀመረ የሚለው በአገራችን ቀላል ጉዳይ አይደለም። እግረ ርጥብ አለ፣ የረገጠው ቤት ሁሉ የሚሞላለት፤ እግረ ደረቅም አለ። አበረ እሜቴ ሽታዬን ለመነ። እሜቴ ሽታዬ የወለዷቸው ሁሉ ያደጉላቸው፣ ቤት ሲሠራ፣ ላም ስትገዛ፣ ሙሽራ ስትገባ መጀመሪያ እንዲረግጡ የሚጠሩ ባልቴት ናቸው። ለቅዳሜ እሺ አሉት። መምሬ አየነው ጠበል ይረጫሉ፣ እሜቴ ሽታዬ ከፊት ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ሌላው ተሳፍሮ አዲስ ቅዳም ገበያ ይወርዳል ተባለ። ካሳነሽ ጠላ ጠመቀች።

የክንዴ ሚስት የሻረግ ከሐሙስ ጀምሮ ምጥ ይዟት ነበር። ዓርብ ጧት አዋላጇ እጇን ታጥባ ወጣችና ልጁ ተጋድሟል፣ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ዳንግላ ሐኪም ቤት አድርሷት አለች። ያን ዕለት በመንገዱ ላይ ወዲህም ወዲያም የሚል መኪና አልታየም። ክንዴ ወደ አበረ ግቢ መጣ። አበረ መኪናይቱን በጨርቅ ይወለውል ነበር፤ የየሻረግን ነገር ጠየቀው።

“አልሆነላትም” አለ ክንዴ። “ዳንግላ ውሰዷት አሉን።”

አበረ ጨርቁን ከባልዲው ነክሮ ጨመቀ። የታየው አንድ ነገር ነው፦ የሻረግ በመኪናይቱ ውስጥ፣ በደም፣ መንገድ ላይ ስታርፍ። ከዚያ ኮሶ በር ሁሉ የሚለው ታየው። አበረ በላት። ጭኖ ወስዶ በላት።

ክንዴ ጎማዋን በእግሩ ነካ አደረገ።

“ለነገ ናት፣ አይደል?” አለ።

“ለነገ ናት። እሜቴ ሽታዬ መጥተው፣ ጠበሉ ተረጭቶ...”

“አዎ፤ እሱማ ነው። እንግዲያ ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ልጥራ።” ብሎ ወጣ።

እዚህ ላይ የሚናደድ ይናደድ። ክንዴ ሚስቴን አድርስልኝ ቢል ኖሮ አበረ እንቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። አበረ አምጣት ቢል ኖሮ ክንዴ እግሩ ላይ ይወድቅ ነበር። አንዱ ሳይለምን፣ ሌላው ሳይከለክል፣ ሁለት ጨዋ ሰዎች ተከባብረው ተለያዩ። ይሉኝታ ይሉታል። እኔ ሌላ ስም አለኝ፤ ግን አልጽፈውም።

ካሳነሽ ከምጥ ቤት ስትመለስ ባሏን እዚያው መኪናይቱ አጠገብ አገኘችው። ክንዴ ጠይቆት እንደሆነ ጠየቀችው፤ አልጠየቀኝም አለ። አንተስ አለችው።

“ቃሬዛው ገና ከበር መውጣቱ ነው። ሂድ፣ ትደርስባቸዋለህ” አለችው።

አበረ ተነሣ። የሞተሩን ማስነሻ ብረት ከፊት ሰክቶ አንድ ጊዜ አዞረው። ያ ስንት ጧት እጁን የላጠው ሞተር ያን ቀን ባንድ ጊዜ ተነሣ። ወደ መሪው ወጣ፣ እጁን ማርሹ ላይ አደረገ። ድምፁን የሰሙ ጎረቤቶች ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዲት ሴት ስትሮጥ መጥታ አጥሩን ይዞ የቆመ ልጇን በክንዱ ጎትታ ወሰደችው፣ በነጠላዋም ፊቱን ሸፈነችው። አበረ አያት። ሞተሩ እየሠራ ጥቂት ተቀመጠና አጠፋው።

ከመኪናይቱ ሲወርድ ካሳነሽን ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ጠላውን ልታይ ገባች።

ቃሬዛውን ወጣቶች እየተቀባበሉ በሩጫና በሶምሶማ ወሰዱት። የሻረግ መንገድ ላይ ውኃ ጠይቃ ጠጥታ ነበር፤ ተርፋለች ብለው ልባቸው ሞላ። አዲስ ቅዳም ሳይገቡ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ቃሬዛውን ሊቀያየሩ ሲያወርዱ አርፋ አገኟት። ልጁም ከሆዷ ሳይወጣ ቀረ። ሲመሽ ይዘዋት ተመለሱ፤ ቅዳሜ ጊዮርጊስ ተቀበረች።

በቀብሩ ላይ አበረ ሰው እስኪገረም አለቀሰ። የሚያጽናኑት ሁሉ የሚሉት አንድ ነበር፤ እግዜር አተረፈህ፣ በእሷ ጀምረኻት ቢሆን ምን ይውጥህ ነበር ይሉታል። እሜቴ ሽታዬም ይህንኑ አሉት፤ መምሬ አየነውም ራሳቸውን እየነቀነቁ እውነት ነው አሉ። አንድ ሰው እንኳ ምነው ሳታደርሳት ቀረህ አላለውም። አበረ የሚሰድበው ሰው ፈልጎ አጣ። ቤቱ ሲገባ ካሳነሽ ትሰድበኛለች ብሎ ነበር፤ እሷም አልሰደበችውም። እራቱን አቅርባለት ወጣች።

ለክንዴ ሲል የየሻረግ አርባ እስኪወጣ መኪናይቱን አላንቀሳቀሳትም። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሁሉም እንደታሰበው ሆነ። ጠበሉ ተረጨ፤ እሜቴ ሽታዬ በቀኝ እግራቸው ረግጠው ከፊት ተቀመጡ፤ እልልታው ቀለጠ። ሰው እየተጋፋ ተሳፈረ። ክንዴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ አበረ ራሱ ሄዶ፣ እጁን ይዞ አምጥቶ ከጀርባው አስቀመጠው። ክንዴ እንደ ልማዱ እንቢ አላለም።

መኪናይቱ ጉሙን እየሰነጠቀች ወረደች። ሴቶቹ ሲንገጫገጩ ይስቃሉ፣ ወንዶቹ የሚያልፉትን ባለ ፈረስ ሁሉ በስሙ እየጠሩ ያሾፉበታል። ክንዴ ብቻ መንገዱን ያይ ነበር። የሻረግ ያረፈችበት ዳገት ብቅ ሲል ወደ አበረ ጆሮ ጎንበስ አለ። የተናገረው በአገሩ የአገው ቋንቋ፣ በአውኛ ነው፤ እሜቴ ሽታዬ የጎጃም አማራ ስለሆኑ ከጎን ተቀምጠው አልገባቸውም።

“ዳገቱ ይሄ ነው እንዴ?”

“ነው” አለ አበረ።

“አሁን ነው እኮ የተነሣነው።”

ቁጣ የለበትም። ገርሞት ነው። ክንዴ ከዚያ ቀን በፊት መኪና ተሳፍሮ አያውቅም፤ መንገዱን የሚያውቀው በእግርና በፈረስ ነው። መኪና ምን ያህል እንደምትፈጥን ያን ዓርብ ጧት ከሁለቱ የሚያውቅ አበረ ብቻ ነበር። ክንዴ ይህን አሁን ተረዳ፤ አበረም መረዳቱን ከጀርባው ከትንፋሹ አወቀ።

ገበያው ላይ ሰው ከበባቸው። ያመሰግነዋል፣ ይመርቀዋል፣ የሳንቃዋን ጎን ይዳብሳል። አንዲት እናት ልታወርደው የከበዳትን ሕፃን ለአበረ አቀበለችው። ፊቱን አልሸፈነችም፣ አማትባም አላየችውም፤ ልጁን ሰጠችውና ዕቃዋን ልታወርድ ዘወር አለች። ስንት ዓመት የተመኘው ይህንን ነበር። ሕፃኑን ይዞ ቆመ፤ ከዚያ ቶሎ መሬት አስቀመጠው።

ሲመለሱ ክንዴ አልመጣም። አበረ ሰው ልኮ አስፈለገው፤ ጨው ገዝቶ በእግሩ ሄዷል አሉት። ከዳገቱ ማዶ ደረሱበት፤ ጨዉን በትከሻው አድርጎ ዳር ዳሩን ይሄዳል። አበረ አጠገቡ አቆመና ግባ አለው።

ክንዴ ወደ ዳር ፈቀቅ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። “ሂድ፣ ሂድ፤ ሰው አታስቁምብኝ። እደርሳለሁ” አለው።

አበረ ደግሞ አልለመነውም። ማርሽ አስገብቶ ሄደ።