የጋሽ ሰይድ ምላጭ እና የኔ አንገት

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... አንድ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ምላጭ እጄ ላይ አስቀምጠው «ሳልልኝ» አሉኝ።

አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ አዛውንት የምንከባከብ ኬርጊቨር ነኝ። አዛውንቱ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ደሴ ላይ አርባ ዓመት ፀጉር ቤት ነበራቸው፤ አሁን ከልጃቸው ከዘሀራ ጋር ነው የሚኖሩት። በሳምንት አራት ቀን እሄዳለሁ። ቁርስ አበላለሁ፣ መድኃኒት አስታውሳለሁ፣ ሰፈሩን አንድ ዙር አብረን እንዞራለን። ምላጭ የሚባል ነገር ሥራዬ ውስጥ የለም። እንደውም የቀጠረኝ ኤጀንሲ ትሬይኒንግ ላይ «ከኤሌክትሪክ መላጫ ውጪ እንዳትነኩ» ብሎናል።

ግን በማግስቱ ኦክላንድ ውስጥ የልጅ ልጃቸው ኒካህ ነበር። ጋሽ ሰይድ ጢማቸውን ያሳድጋሉ፤ ጉንጫቸውና አንገታቸው ግን ጥርት ማለት አለበት። በኤሌክትሪክ ተላጭቼ ሰው ፊት አልቀመጥም ብለዋል። ዘሀራ ደግሞ ኩፐርቲኖ ሥራ ላይ ናት።

ምላጩ ያ የድሮው ዓይነት ነው፤ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባው። ከተሳለ ዓመት አልፎታል። ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን... እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሾርባ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ግን ስለ እጃቸው አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። እኔም አንስቼባቸው አላውቅም።

«ጋሽዬ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ ጣቴን የምቆርጥ ሰው ነኝ» አልኳቸው።

«አብሽር። መሳያ ድንጋዩን ውሃ አስነካው።»

ሺፍቴ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ጠበቅኩና ስልኬ ላይ ባለው የኤጀንሲው አፕ ክሎክ አውት አድርጌ የሥራ ሰዓቴን ዘጋሁ። ደም የሚፈስ ከሆነ በራሴ ሰዓት ይፍሰስ ብዬ።

መሳያ ድንጋዩን ኪችን ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፌ አስቀመጥኩት። ምላጩን ስከፍተው መዳፌ በላብ ረጥቦ እጀታው ይንሸራተት ጀመር። ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። እንደገና ረጠበ።

«ጀርባውም ስለቱም እኩል ድንጋዩ ላይ ይተኛ» አሉኝ ከወንበራቸው። «ስለቱን አስቀድመህ ግፋው። ስትመለስ በጀርባው ገልብጠው። እንዳትጫነው።»

ገፋሁት። ሽሽሽ... የሚል ድምፅ። ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። በሦስተኛው ላይ ተሳስቼ በስለቱ በኩል ልገለብጠው ስል «በጀርባው» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። አርባ ዓመት የኖረ ዕቃ በኔ እጅ ሊበላሽ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ጀርባው ተነሳ። ድምፁ ይነግረኛል። አስተኛው።»

ስንት ጊዜ እንዳመላለስኩት አላውቅም። ቀስ በቀስ ድምፁ ቀጠነ። ከዚያ የቆዳ ቀበቶ የኪችኑ መሳቢያ እጀታ ላይ አሳስረውኝ ምላጩ እንዴት እንደሚወለወልበት አሳዩኝ። እዚህ ላይ ደግሞ ጀርባው ነው የሚቀድመው። ስጨርስ ክንዴ ላይ ሞከርኩት። ፀጉሩ ምንም ሳይታወቀኝ ረገፈ። ደስ አለኝ... ለግማሽ ደቂቃ።

«ክንድ ላይ ምኑም አይታወቅም» አሉ ጋሽ ሰይድ ተነስተው። «አንገት ላይ ነው የሚታወቀው። ና ቁጭ በል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ወንበራቸውን ባኞ ቤት አስገብተው መስታወቱ ፊት አድርገው ፎጣ ይዘው ቆመዋል።

«እምቢ» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ነበረች። ግን አባቴ ሊሆኑ ለሚችሉ ሰው፣ አርባ ዓመት በሠሩት ሥራ ላይ፣ «እጅዎን አላምነውም» እንዴት ይባላል? ሄጄ ተቀመጥኩ። ለሽማግሌ እምቢ ከማለት አንገቴን መስጠት ቀለለኝ።

አረፋ ቀቡኝ። ግማሹ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ምላጩን ሲያነሱት በመስታወት አየሁት... ይንቀጠቀጣል። «ቢስሚላህ» አሉ። ቀዝቃዛው ብረት ከጆሮዬ በታች አረፈ፤ መንቀጥቀጡም ቆዳዬ ላይ ተሰማኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ምራቅ መዋጥም ፈራሁ። ጉሮሮዬ ከተንቀሳቀሰ አለቀልኝ ብዬ።

ምላጩ አልሄደም። እዚያው ቆመ። ዓይኔን ከፍቼ ሳይ ጋሽ ሰይድ እኔን ሳይሆን መስታወቱ ውስጥ የገዛ እጃቸውን እያዩ ነው። ከዚያ ቀስ ብለው አነሱት።

«አይሆንም» አሉ። «ተነስ። አንተ ላጨኝ።»

ተነሳሁ፤ ተቀመጡ። አሁን ደግሞ የኔ እጅ ተራውን ያዘ። አንገታቸው ቀጭን ነው፤ የደም ሥራቸው ሲመታ ይታያል።

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ጋሽዬ።»

«አየሁት። ያንተ ፍርሃት ነው፤ ያልፋል» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቆዳውን ወጠር አድርገህ ያዝ።»

ወጠር አድርጌ ያዝኩ። ምላጩ ሄደ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። አገጫቸው ሥር አንዲት ጠብታ ደም አወጣሁ። «ነካሁዎት» ስል «አውቃለሁ፣ ቀጥል» አሉ እንጂ ዓይናቸውን አልገለጡም። ስጨርስ አንገታቸውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ምላጩን አጥፈው ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

ሰኞ ዕለት ዘሀራ ኮል አደረገችልኝ። ዓመት ሙሉ የነርቭ ሐኪም ጋ አልሄድም ሲሉ የኖሩት ጋሽ ሰይድ ራሳቸው «አፖይንትመንት ያዢልኝ» ብለዋታል።

«አባቴን ምን ብለኸው ነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። እውነቴን ነው... ፈርቼ መናገር አቅቶኝ ነበር።