የብስክሌት ሐኪሙ ጆሮ

የእህቴን ባል ስንት ዓመት ሳማው ኖሬ ዛሬ ስለ እሱ ደግ ነገር ላወራ መነሣቴ ለራሴም ይገርመኛል። ግትር ነው፣ ኩራተኛ ነው፣ የሰው ምክር ከሚቀበል ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል ስል ኖሬያለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱንም አላነሣለትም። ግን እሱና እህቴ ከሐይቅ ጉዟቸው ሲመለሱ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁና ካልተናገርኩ ይቆጨኛል።

ጋሼ ነው የምለው፤ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ሱቁ አንድ በር ብቻ ናት፤ ከጣሪያዋ ጎማ ተንጠልጥሏል፣ ግድግዳዋ ላይ ቁልፎች እንደ ቁመታቸው ተሰልፈዋል፣ ወለሏ ግራሶ ጠጥቶ ጠቁሯል። ጥግ ላይ የእህቴ የስፌት መኪና አለ፤ የኮርቻ ልብስና የብስክሌት ቦርሳ ትሰፋበታለች። እኔ የምኖረው ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል ስለሆነ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የዚያ መኪና ድምፅ ነው።

የሰፈሩ ሰው "ሐኪሙ" ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከአሠራሩ ነው። ብስክሌት ሲመጣለት ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት "እንዳትነግረኝ" ይላል። ከዚያ የኋላውን ጎማ ከመሬት ያነሣል፣ ፔዳሉን በእጁ ያሽከረክራል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። "ኩሽኔታህ አልቋል፤ ካቴናህም ላልቷል" ይላል። ተፈትቶ ሲታይ ልክ እንዳለው ነው። በዚህ ሲኮራ ማየት ያስቃል፤ ልጁ ቢመረቅለት እንኳ እንደዚያ አይኮራም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ጆሮው ከዳው። መጀመሪያ ስልክ ሲጠራ ዝም ይል ጀመር፤ ቀጥሎ ከኋላው ስንጠራው። እኔማ ጆሮ ዳባ ልበስ እያለኝ መስሎኝ ስንቴ አኩርፌዋለሁ። እሱ ማንም ያላወቀበት ይመስለዋል፤ እህቴ ግን ካወቀች ቆይታለች። ብስክሌት ሲገባ የስፌት መኪናዋን ታቆምና ትሰማለች። ከዚያ ከጨርቁ ጋር የምታወራ መስላ "ይቺን ደግሞ ፔዳሏ አካባቢ ምን ያንቀጫቅጫታል" ትላለች። እሱም ዓይኑን እንደጨፈነ ትንሽ ይቆይና "ፔዳሉ ነው" ይላል። ደንበኛው አፉን ከፍቶ ያደንቃል።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ለምን ፊት ለፊት አትነግሪውም?" አልኳት አንድ ቀን።

"ጆሮውን ካጣ ሥራውን አጣ። ሥራውን ካጣ ደግሞ እሱም አይተርፍልኝ። አንቺ አርፈሽ ምሳሽን ብዪ" አለችኝ።

ታላቄ ናት፤ አርፌ ምሳዬን በላሁ።

ሲጋቡ በብስክሌት ሐይቁ ድረስ እወስድሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። አራት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ልጅ ተወለደ፣ ሥራ በዛ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ሰላሳ ዓመት ሄደ። ዘንድሮ አከራዩ ወለሉን ሊያድስ ሱቁን ሁለት ሳምንት ሲዘጋው ሰበቡ ሁሉ አለቀ። ጋሼ ሁለት ብስክሌት ከስብርባሪ ገጣጠመ። እህቴ ከዣንጥላ ጨርቅ ድንኳን ሰፋች። ልኩን ልትወስድ ጋሼን ሱቁ መሀል አጋደመችው፤ ደንበኞች እየተሻገሩት ሲያልፉ አፍሮ ጉልበቱን አጥፎ ኖሮ ድንኳኑ አጠረና በየሌሊቱ እግሩ ውጭ አደረ።

"በስተርጅና ምን አቅበጠበጣችሁ?" አልኩት ሲነሡ።

"አንቺም አግቢና ይዞሽ ይሂድ" አለኝ።

መንገድ መሪው እኔ ነኝ ብሎ ከፊት ሆነ፤ እህቴ ከኋላው። የመጀመሪያው ቀን ከኋላቸው የጭነት መኪና ሲመጣ ደወሏን ደወለች። እሱ መሀል መንገዱን ይዞ እያፏጨ ይሄዳል። ጮኸች፤ አልሰማም። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲያንባርቀው እሷን ሊያደነቁራት ምንም አልቀረው፤ ጋሼ አሁንም ያፏጫል። ደርሳ እንዳትይዘው ዳገት ነው። ያኔ የመጣላትን አደረገች፤ እሷም ወደ መሀል ገባች። ሹፌሩ ፊት ለፊቱ እሷን ሲያገኝ ቀነሰና ሁለቱንም በሩቁ ዞሮ አለፈ። በመስኮት ብቅ ብሎ ምን ብሎ እንደሰደባት ለእኔም አልነገረችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ብላ ያዘችው። መኪና በመጣ ቁጥር መሀል ትገባለች። ጋሼ ድንገት ዞር ሲል ያያታል።

"አንቺ ሴትዮ፣ መሀል መንገድ ምን ትሠሪያለሽ? ጠርዝ ጠርዙን ያዢ እንጂ።"

"እሺ" ትላለች። የእህቴን እሺ የማያውቅ ሰው ይታለላል።

አመሻሹ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው አለችኝ። እሷ እጇን ሳታነሣ መኮሮኒውን እሱ ይቀቅላል፤ ግራሶ በማይለቀው በዚያ እጁ ባቷን ያሽላታል፤ ቀን አብረው የወጡትን ዳገት እሷ ያልነበረች ይመስል እንደ አዲስ ይተርክላታል። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ የኮረዳ ሆኖ ነበር። እኔ ነኝ ደስታዋን ያደፈረስኩት።

"ምሽቱስ ይሁን፤ ቀን ቀን ግን መኪና ፊት መቆምሽን ልትቀጥዪ ነው?"

"ነገ እነግረዋለሁ" አለች። በማግስቱም አልነገረችውም።

አምስተኛው ቀን ላይ አንድ መኪና ሳይቀንስ መጣ። የጎን መስታወቱ ትከሻዋን ነካትና ጠጠሩ ላይ ተንከባለለች። ጋሼ እያፏጨ ቁልቁለቱን ጨርሶ ነው እንደሌለች ያወቀው። ተመልሶ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ክርኗን በመሀረቡ አሰረላት፣ አቧራዋን አራገፈላት። ይህን ሁሉ አድርጎ ሲያበቃ ግን "ነግሬሽ አልነበር? መሀል መንገድ ምን አስገባሽ?" አላት። ሰላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ እንደዚያ ቀን ተናድዳበት አታውቅም።

አቅራቢያ ወዳለች ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ነርሷ ወጣት ናት፤ ቁስሉን አጥባ በፋሻ ጠቀለለችላት። ጋሼ ውለታዋን በምን እንደሚመልስ ሲያስብ በሩ አጠገብ የቆመ ብስክሌት አየና የማን እንደሆነ ጠየቃት።

"የእኔ ነው አባባ፤ እሱ እንኳን ሰሞኑን..."

"እንዳትነግሪኝ" አላት።

የኋላውን ጎማ አነሣ፣ ፔዳሉን አሽከረከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እህቴ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማታል። በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ታቅፋ አልጠቆመችውም። እንዲሳሳት ፈልጋ እንደነበር አልደበቀችኝም። ጎማው ዞሮ ዞሮ ቆመ። ደግሞ አሽከረከረው፤ ደግሞ ቆመ። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠና ነርሷን ትቶ እህቴን ቀና ብሎ አያት። የሚጠብቀው እሷን ነበር። ያኔ ገባት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጨርቁ ጋር እያወራች ያታለለችው ሲመስላት፣ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጠብቅ የኖረው የእሷን ቃል ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው።

"ንገሪኝ እንጂ" አላት። "ምን ይላል? እኔ እኮ አልሰማም።"

በማያውቀው ሰው ፊት ነው ይህን ያለው። እህቴ ንዴቷ የት እንደገባ አታውቅም።

"ፔዳሉ ታች ሲደርስ ከረክ ይላል። ሲወጣ ዝም" አለችው።

የፔዳሉን ኩሽኔታ ፈቶ አጠበው፣ ግራሶ ቀብቶ መለሰው። ከረክ ማለቱ መቆሙንም የነገረችው እሷ ናት። ነርሷ አመስግና ስታበቃ በየዋህነት አንድ ነገር ጠየቀችው።

"ካልሰሙ ታዲያ ከኋላ መኪና ሲመጣ በምን ያውቃሉ አባባ?"

"እሷ ከኋላዬ አለች አይደል..." ብሎ ጀመረና ቆመ። የእህቴን ፋሻ አየ። ከዚያ ፊቷን አየ።

"ለዚህ ነው መሀል የምትገቢው?"

"እና ለምን መሰለህ? ያበድኩ ነው የሚመስልህ?"

ጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ ሲነሣ ነርሷን የአውቶቡስ መናኸሪያው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃት።

ለሐይቁ የቀራቸው ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው። እህቴ ተሟገተችው፤ ሰላሳ ዓመት የጠበቅነው መንገድ ነው፣ መሪህ ላይ መስታወት እንግጠምና እንጨርሰው አለችው።

"መስታወቱን እስክለምደው አንቺን ማን ይጠብቅሻል?" አላት።

ብስክሌቶቹ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጡ። መንገዱን ሁሉ ደህናውን እጇን ይዞ ነበር፤ ትኬት ቆራጩ ሲመጣ እንኳ አልለቀቀውም። ሐይቁ ዳር ሦስት ሌሊት አደሩ፣ ዋኙ፣ በፀሐይ ተቃጠሉ፣ በአውቶቡስ ተመለሱ። ይህን ሁሉ እህቴ ዕቃዋን ሳትፈታ ነው የነገረችኝ። ለሌላ ሰው እንዳልናገርም አስማለችኝ።

ሱቁ የተከፈተ ቀን ወረድኩ። ግማሹ ሰፈር ተሰብስቧል። ዳቦ ጋጋሪው ሁሉንም ወክሎ ጠየቀ።

"ሐኪሙ፣ እውነት ሐይቁ ድረስ ነዳችሁት?"

አዎ ቢል ማን ይመሰክርበታል? እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። ዕድሜ ልኩን በአራት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ሲከበር መኖር ይችል ነበር። እህቴ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች አንገቷን ደፍታለች፤ ምን እንደሚል እሷም አታውቅም።

"የመጨረሻውን ዘጠና በአውቶቡስ ነው የሄድነው" አለ ጋሼ፣ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ። "ጆሮዬ አልቋል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሳይክላችሁን የምታዳምጠው እሷ ናት፤ እኔ ብሎን ፈቺ ነኝ። መንገድ ላይም በእኔ ኩራት ልትሞት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የምታመጡትን መጀመሪያ ለእሷ አሳዩ።"

እህቴ እግሯን ከመርገጫው አነሣች፣ የስፌት መኪናው ቆመ፣ ፊቷን በያዘችው ጨርቅ ሸፍና አለቀሰች። ጋሼ ጀርባውን ሰጥቷት ነበርና አልሰማም፤ ስለ ሐይቁ ማውራቱን ቀጠለ።