አያቴ የምትቀመጥበት የክር ከረጢት

አያቴን በቀበርን ሳምንት፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የአጎቴ ሚስት መቀስ ይዛ ወደ ክሩ ከረጢት ሄደች።

አያቴ እዚህ ሶዶ ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ ሹራብ ስትሠራ ኖራለች። የተረፈውን ክር አትጥልም፤ በማዳበሪያ ከረጢት አጠራቅማ በሩ አጠገብ መቀመጫዋ አደረገችው። «ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» ስንላት፣ «ባለቤቱ ሹራቡ ሲቀደድ ይመጣል» ትለን ነበር። ክሩን ሊወስድባት የመጣ ሰው ካለ አትጨቃጨቅም፤ ዝም ብላ ትቀመጥበታለች። በለቅሶው ሰሞን ቤቱ በሰው ሲጨናነቅ እንኳ እዚያ ቦታ የተቀመጠ አልነበረም።

«ቆራርጠን ትራስ እንሙላበት፤ ለቅሶ ደራሹ በደረቅ አግዳሚ አለቀ እኮ» አለች የአጎቴ ሚስት።

«ተዪው» ልላት ፈለግኩ፤ ግን በታላላቆች ፊት መናገር ዩኒቨርሲቲም አላስተማረኝም። አንድ ጥቅል ክር አውጥታ መቀሱን ስትከፍት ተነሣሁና ከረጢቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆንሽ? ተነሺ እንጂ!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አልተነሣሁም።

ከአረካ የመጣው አጎቴ ሚስቱን «ተያት» አላት። «እናቴም እንደዚህ ከተቀመጠች ጥማድ በሬ አያስነሣትም ነበር።» ይህን ብሎ ከክርኑ ላይ የተቀደደውን ቡናማ ሹራቡን በመዳፉ ሸፈነ።

በማግስቱ ማለዳ፣ አጎቴ ወደ አረካ ከመሳፈሩ በፊት፣ ከከረጢቱ ውስጥ ቡናማውን ክር ፈልጌ ሹራቡን ጠገንኩለት። የተረፈውን ጠቅልዬ መለስኩት።