የዘጠኝ ሰዓቱ ኪኒን

ደሪቱ ረጋሳ ቦሌ ሚካኤል ውስጥ እቤቷ ሆና የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ነበረች። ዕድሜዋ አርባ አልሞላም፤ ድካሟ ግን ስድሳን አልፏል። ወንድሞቿ ትዳር ይዘው በየፊናቸው ሲበተኑ ከአባቷ ጋር የቀረችው እሷ ናት። «ሴት ልጅ ጧሪ ናት» ብለው ጥለዋት ሲሄዱ እርግማን ይሁን ምርቃት አልለየችውም።

አባቷ ጋሽ ረጋሳ ድሮ ገበሬ ነበሩ። ያረሱት መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ እሳቸው ግን ይህን ረስተዋል። የልጃቸውንም ፊት ረስተዋል። ጎህ ሲቀድ በሩን እየደበደቡ በሬዎቼን ልጠምድ ክፈቱልኝ ይላሉ። ሁለት ጊዜ አምልጠው ከስንት ፍለጋ በኋላ ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ደሪቱ በሩን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። አንድ እጅጌ ሰፍታ ሳትጨርስ ወደ በሩ ትሮጣለች።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ዶክተር ኣብርሀት ዘንድ ወሰደቻቸው። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዘሽ ነይ ተብላ ስለነበር ፌስታል ሙሉ ይዛ ነው የሄደችው፤ የደም ግፊቱንም፣ ጎረቤት ለእንቅልፍ ይሆናቸዋል ብላ የሰጠቻትንም። ዶክተሯ የጎረቤትየዋን ወስዳ አስቀረች። የሚያረጋጋ ኪኒን ስትጽፍም አልቸኮለችም። ይህ መቅበጥበጡን እንጂ መርሳቱን አያድንም አለቻት። ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ግን በፍጹም፤ የሽማግሌ ሰውነት መድኃኒት ቶሎ አያስወጣም። ከተንገዳገዱ ወይም እንቅልፍ ከበዛባቸው ቶሎ አምጫቸው፤ ደህና ቢሆኑም በሁለት ሳምንት ልያቸው።

ጋሽ ረጋሳ ታዲያ ሁሉን ሲረሱ ጾም አልረሱም። ሁዳዴ ከገባ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ እንኳ ባፋቸው አይዞርም። ደሪቱ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች፤ ወይ ፍንክች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የጠዋቱን ግማሽ ከማታው ግማሽ ጋር አድርጋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሰጣቸው ጀመር።

ጸጥ አሉ። ከወንበራቸው ሳይነሱ እስኪመሽ ያንቀላፋሉ። የስፌት መኪናዋ ሳይቋረጥ የሠራው ከስንት ዓመት በኋላ በዚያ ሳምንት ነው። ምን ልደብቃችሁ፣ ደሪቱ ደስ አላት። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላም፣ ሰላም ለሆኑት ሰውዬ ምን አመላለሰኝ ብላ ቀረች።

ፋሲካ መጣ። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለምና ጋሽ ረጋሳ ቁርስ መብላት ጀመሩ። ደሪቱ ግን ሁለቱን ግማሽ ባንድ ላይ መስጠቷን አልተወችም።

በሦስተኛው ሳምንት ከወንበራቸው ሲነሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ከስፌት መኪናው ብረት ጋር ተጋጭተው ወደቁ። ዶክተር ኣብርሀት የተሰነጠቀውን ግንባራቸውን ሰፍታ ስታበቃ ኪኒኑን እንዴት እንደምትሰጣቸው ጠየቀቻት። ደሪቱ ዓይኗን በጨው አጥባ በጾሙ ምክንያት ነው ልትል ነበር። ምራቃቸው ያረጠበውን ጋቢ ስታይ አቃታት።

«ሁዳዴን ለጾማቸው ብዬ ነበር ባንድ ላይ የሰጠኋቸው» አለች። «ከፋሲካ ወዲህ ግን ለራሴ ብዬ ነው። ደክሞኝ ነበር።»

ብትቆጣት ይሻል ነበር። ዶክተሯ ግን ኪኒኑን አስቁማ ወንበሯን ወደ ደሪቱ አስጠጋች።

«ፌስታሉን ሁሉ አስገለበጥኩሽ» አለች፤ «ይጾማሉ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። አንቺንስ የሚያሳርፍሽ ሰው አለ ወይ ብዬ መች ጠየቅኩ?»

የሚያሳርፋት ሰው አልነበረም። ኪኒኑ ከቆመ ዐሥር ቀን እንደሞላ ጋሽ ረጋሳ ጎህ ሲቀድ ተነስተው በሩን መደብደብ ጀመሩ። ደሪቱ ረፋድ ላይ የምታስረክበው ዩኒፎርም ነበራት።

«አባዬ፣ በሩ አይከፈትም» አለቻቸው።

ዞረው እንደ ጎረቤት ሴት አዩዋት። «ልጄ ደሪቱ ብትኖር ኖሮ ትከፍትልኝ ነበር» አሉ።

ስሟን ካፋቸው ከሰማች ዓመት አልፎ ነበር። እንባዋ እንደመጣ ቁልፉን ካንገቷ አወጣች፤ ነጠላዋን ደርባ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ የሌሉትን በሬዎች ፍለጋ አብራቸው ወጣች።