የጥሩአየሁ አንገት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ቤዛ ነጭ ሸሚዟን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስትተኩስ የስታርቹ ጠረን ከእንፋሎቱ ጋር ተነስቶ ቤቱን ሞላውና፣ እኔን ከሶፋው ላይ አንስቶ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደማውቃት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወስዶ ጣለኝ። ቤዛ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ሆቴል ተቀጥራ፣ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ስለ “ፕሮፌሽናል” አለባበስና አነጋገር ስልጠና ስትወስድ ሰንብታለች። ማታ ማታ እየመጣች የተማረችውን ታሳየኛለች፤ እንዴት እንደሚቆም፣ እጅ እንዴት እንደሚጨበጥ፣ ሲሳቅ ስንት ጥርስ መታየት እንዳለበት ሳይቀር። አሰልጣኙ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ በየሁለት ቃሉ መሃል እንግሊዝኛ ካልወሸቀ ትንፋሽ የሚያጥረው ጎረምሳ ነው አሉ። ይህ ሰው የጎንደርን ልጅ እንግዳ መቀበል ሊያስተምር መምጣቱን ስሰማ ሳቄ መጣ። ይህን ትምህርት እኔና ጥሩአየሁም በእሷ ዕድሜ ተምረነዋል፣ ያውም እዚያው ሆቴል፣ ስሙና የግድግዳው ቀለም ከመለወጡ በፊት።

ጥሩአየሁ ከማክሰኝት ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ አጎቷ ቤት ሆና የተማረች የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ገና ልጅ ሳለች አክስቷ በመርፌና በጥላሸት የነቀሰቻት አንገት ነበራት፤ እንደ ድሪ የተደረደሩ ሰማያዊ መስመሮች ከአገጯ ሥር ጀምረው አንገቷን እየከበቡ ይወርዱና መጨረሻቸው ላይ አንዲት ትንሽ መስቀል ትንጠለጠላለች። ገበያ ስንወጣ የማታውቃቸው ባልቴቶች እያስቆሙ አገጯን ቀና አድርገው ያዩላትና ማን እንደነቀሳት ይጠይቋት ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ስለነበርኩ እናቴ ንቅሳት የሚባል ነገር አታሰሙኝ ብላ አንገቴን ባዶ አስቀርታዋለች። በቅናት ልሞት ስለነበር ጥሩአየሁን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ እሷን እያየሁ፣ መስታወት ይዤ የራሴ አንገት ላይ በእስክሪብቶ እስለዋለሁ፤ እናቴ በሳሙና ትፈትገዋለች፤ በማግስቱ ደግሜ እስለዋለሁ። ስለዚህ የዚያን አንገት እያንዳንዱን ጥምዝ ከፊደል ገበታ ይልቅ አውቀው ነበር።

ትምህርት ስንጨርስ ሁለታችንም ሆቴሉ ውስጥ አስተናጋጅ ሆነን ገባን። ሥራ አስኪያጁ፣ እኛ ከጀርባው አያ ከረባት የምንለው ሰው፣ የሆነ ቦታ ለጥቂት ወራት ኮርስ ወስዶ ሲመለስ ወገኑን የማያውቅ ሌላ ፍጡር ሆኖ ነበር። ጠዋት ጠዋት አሰልፎ ጥፍራችንን ያያል፣ ቅቤ የተቀባች እንዳለች ጠጉራችንን ያሸታል፣ “ቤቶች!” ብሎ እየተጣራ ያደገ ሰው በር ስናንኳኳ አነኳኳችን ገጠሬ ነው ብሎ ያርመናል። እናቱ ቅቤ ሳትቀባ ያሳደገችው ይመስል አፍንጫውን ሲነፋ ማየት የቀኑ የመጀመሪያ ሥራችን ነበር። የእሱ አንገት ላይ ግን ሁልጊዜ ያ ወፍራም ከረባት አለ፤ ሲውጥ እንኳ ያስጨንቀዋል።

አንድ ጠዋት ጥሩአየሁ ፊት ቆመና አንገቷን በእስክሪብቶው ጫፍ እያመለከተ፣ “ይሄ ነገር ለእንግዳ ይቀፋል። እስከ ሰኞ አጥፍተሽው ካልመጣሽ ሥራ የለሽም” አላት።

በአንገት ልብስ ልሸፍነው ብትለው ዩኒፎርም ያበላሻል አለ። ሥራውን ካጣች አጎቷ ወደ አገር ቤት እንደሚመልሳት፣ እዚያም አባቷ እሺ ያሏቸው ሽማግሌዎች እንደሚጠብቋት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሎሚ አሸችበት፣ በአመድ ፈተገችው፣ መስመሮቹ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ለማንም ሳትናገር የቁልቋል ወተት ቀባችው። አገሯ ኪንታሮት የሚቃጠለው በቁልቋል ነውና ኪንታሮት የሚያነድድ ንቅሳት ምን ያቅተዋል ብላ ነው። ሰኞ ጠዋት አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች ሰልፍ ላይ ቆመች። አያ ከረባት ፋሻውን አስፈትቶ አየና መሀረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ፤ ለእንግዳ የሚቀፈውስ አሁን ነው ብሎ ከሰው ዓይን ራቅ እንድትል ልብስ ማጠቢያ ከተታት። አላባረራትም፤ ይህንን እንደ ደግነት ሲያወራው ዕድሜውን ጨረሰ። ቁስሉ ሲሽር ንቅሳቱ ከነቆዳው ሄዶ የተኮማተረ ጠባሳ ቀረ። እሷም ዓመት ከዓመት በዚያ እንፋሎት ውስጥ ቆማ የእሱን ሸሚዝ ኮሌታ ስታርች እያጠጣች ስትተኩስ ኖረች፤ እረፍት ሳገኝ እየሄድኩ አጠገቧ እቆም ነበር። የስታርች ሽታ ለእኔ ከዚያ ወዲያ ንጽሕና ሆኖ አያውቅም።

አሁን ጥሩአየሁ አዘዞ ነው የምትኖረው። የሚያዝያ ሙቀት እንኳ የአንገት ልብሷን አያስፈታትም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ጋ ትመጣለች፤ ባለፈው እሑድም ተቀምጠን ስናወራ ቤዛ የዓይን ኩል እርሳስ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ማታ የባህል ምሽት ስላለ አሰልጣኙ ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸው ላይ ንቅሳት አስለው እንዲመጡ አዟል፤ ቱሪስት ይወደዋል፣ “ኦሪጅናል” መምሰል አለበት ብሏል። ያኔ የሚቀፍ የነበረው አሁን ጌጥ ሆነላቸውና በእርሳስ ስለው ሊሸጡት ነው። ከሁለቱ ሊቃውንት የትኛውን አብልጬ እንደምንቅ እስካሁን አልቆረጥኩም።

ቤዛ የጠባሳውን ታሪክ አታውቅም። “እትዬ ጥሩዬ፣ የእርስዎ አገር ንቅሳት እንዴት ነበር? ያሳዩኝ” አለቻት። እኔ ደነገጥኩ፤ ልጅቱን ልቆጣም አፌን ከፈትኩ። ጥሩአየሁ ግን እጇን የአንገት ልብሷ ላይ አሳርፋ፣ “እኔማ የራሴን አንገት መች ደህና አድርጌ አየሁት። አክስትሽ ናት የምታውቀው፤ እሷ ትሳልልሽ” አለች።

ቤዛን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ አገጯን ቀና አደረግኩ። እጄ ይረሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልረሳም። ድሪዎቹ እየተከታተሉ ወረዱ፣ ጥምዞቹ ቦታቸውን ያዙ፣ በመጨረሻ መስቀሏን አንጠለጠልኳት። ዞር ስል ጥሩአየሁ ተነስታ ከኋላዬ ቆማለች። የልጅቱን አንገት ብዙ ጊዜ አየችው፤ ጣቷን ሰደደችና ሳትነካው መለሰችው።

“ሸጋ ነበርሁኮ” አለች።

የእርሳሱን ክዳን ገጠምኩ። እሷም ጫማዋን አድርጋ፣ ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ ብላ ወጣች። ማታ ቤዛ ከሥራ ስትመለስ አንገቷ ንጹሕ ነበር። ሥራ ሲያልቅ አጥባችሁ ውጡ ተብለን ነው አለችኝ፤ ደግሞም ቶሎ ይለቃል፣ በሳሙና ነው፣ ምንም አያቃጥልም።