ማሲንቆው ብቻውን የሚጮህባት ቦታ

ትናንት ጠዋት ከደጅ ፀሐይ እየሞቅሁ ድንች ስልጥ፣ የልጅ ልጄ ሰብለ ስልኳን ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች። ይኸን ወረቀት የምትጽፍልኝም እሷው ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ከስልኳ ውስጥ አንዲት ቀጭን ልጅ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ትዘፍናለች፣ ከኋላዋ ወጣቶች እስክስታ ይወርዳሉ።

"እምየ፣ ይስሙ እስቲ። ይቺ ዘፈን አሁን አገሩን ሁሉ ይዛዋለች" አለችኝ።

ሰማሁ። ቢላዋው ከእጄ ላይ ቆመ።

"እዚህ ላይ ግን ለምን ዝም እንደምትል አይገባኝም" አለች ሰብለ። "አዩዋት? አፏን ዘግታ ትቆማለች፣ ማሲንቆው ብቻውን ይጮኻል። ቃሉ የጠፋባት ነው የሚመስለው።"

ድንቹ እንዳይጠቁር ውኃ አምጪልኝ ብዬ ላክኋት። ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልሁ። ዛሬ በቃ ወረቀት አምጪ አልኋት።

ነገሩ ደርግ ወድቆ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ገና ለጋ ነበርሁ፤ የሰብለ እናት ድክ ድክ ትላለች። አገራችን ከደብረ ታቦር ወዲያ ጉና ሥር ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ በቅጡ የማይሆንበት ውርጭ አገር። እኔና አንጓች ባንድ ዓመት ነው የተዳርነው። የሚለየን አንድ አጥር ነበር፤ እሱንም ዶሮዎቻችን አፍርሰውታል።

በሰርግ ጊዜ አውራጇ አንጓች ናት። እኔ ከጎኗ ቆሜ ግጥሙን በጆሮዋ አቀብላታለሁ፣ እሷ ታነሳዋለች፣ ሰው ይቀበላታል። ከልጅነቴ ጀምሮ ግጥም ይመጣልኛል። ሳርምም፣ ስፈጭም፣ እንጨት ተሸክሜ ዳገት ስወጣም ይመጣል። ድምፄ ግን ሻካራ ነው፣ እንደ ደረቅ ቆዳ። የሷ ድምፅ ሲነሳ ጠላ የሚቀዳው ሰው እንኳ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይቆም ነበር። "አንጓች ጉሮሮ፣ ሙጪት ልብ" ይሉን ነበር። ሰው የሚያየው የሷን አፍ ነው፤ የኔን ነጠላዬ ይሸፍነዋል። ቢሆንም አይከፋኝም ነበር። ማን እንደሚያቀብላት አገሩ ያውቃላ።

የዚያን ዓመት ባሏ አዳነ ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ሐሙሲት ገበያ ወረደ፣ እዚያው አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት አርፎ ቀረ። ዓመት ሞላው። አንጓች ስሙን አታነሳም። ለኔም ትንፍሽ አላለችም። መሬቷን ወንድሟ ያርስላታል፣ እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ቤተስኪያን ትስማለች። እኛም አልጠየቅናትም።

ጥር ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አንድ ሰው ከባሕር ዳር መጣ። የሚያብረቀርቅ ጃኬት የለበሰ ሰው ነው፣ ቴፑን እንደ ታቦት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የባትሪ ድንጋይ በኩርቱ ፌስታል ሙሉ ይዞ። ከኋላው አንድ ማሲንቆ መቺ ይከተለዋል። የባላገር ድምፅ ፈልጌ ነው፣ ካሴት አወጣለሁ አለ። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አጥቦ ወጣ። እኔም ቅቤ ተቀብቼ ወጣሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

አንድ ባንድ አዘፈነን። እየዘፈንን ይይዘዋል፣ መልሶ ደግሞ ያሰማናል። የራሴን ድምፅ ስሰማ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ የሰው ሳይሆን የታመመች ፍየል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

"እኅቴ፣ ድምፅሽ ለሰርግ ጥሩ ነው፣ ለካሴት ግን አይሆንም" አለኝ ባለካሴቱ። "ቴፑ አይወደውም።"

ቴፕም ይወዳል ይጠላል እንዴ አልሁት። ይወዳል አለ።

ከዚያ አንጓች ዘፈነች። ሰውየው ጃኬቱን አወለቀ። አውልቆ ቁጭ አለ። አንጓች፣ እግዜር ይይላት፣ ያን ጊዜ እኔን አልረሳችኝም። ግጥሙን የምታቀብለኝ ሙጪት ናት፣ ያለ እሷ አልዘፍንም አለችው። እሱ ሳቀ።

"ግጥምማ የሕዝብ ነው። ሰው የሚገዛው ድምፅ ነው" አለ።

ይቺ ቃል ገብታ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠች። የሕዝብ። እንግዲህ ያ ስፈጭ፣ ሳርም፣ ዳገት ስወጣ የመጣልኝ ሁሉ የሕዝብ ኖሯል።

በማግስቱ አንጓች መጣች። ለካሴቱ ልባስ ፎቶ ልትነሳ ደብረ ታቦር ሊወስዷት ነውና የአንገት ድሪዬን አውሺኝ አለች። አወስኋት። ከሳጥን አውጥቼ ራሴ አሰርሁላት። ድሪዬ አንገቷ ላይ እንዴት አማረባት! እኔ ላይ እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

ቀረጻው በሦስተኛው ቀን ነው። በነዚያ ሦስት ቀኖች አንዲት ግጥም ሠራሁ። እንደ ሌላው በራሷ የመጣች አይደለችም፤ ፈልጌ ያመጣኋት ናት። አንድ ቃል አወጣለሁ፣ አንድ ቃል እከታለሁ፣ እንደ ቢላዋ እስላት ነበር።

ባለካሴቱ ቆርቆሮ ቤት ያስተጋባል ብሎ የአንጓችን ሳር ቤት መረጠ። ግድግዳውን በጋቢ አለበሰው። ዶሮዎቹ ተባረሩ፣ ውሻው ወንዝ ማዶ ታሰረ፣ የጎረቤት አህያ ሁለት ጊዜ እየጮኸ ሁለት ጊዜ እንደገና ጀመርን። እኛ ተቀባዮቹ እናጨበጭባለን። "አንቺ፣ ጭብጨባሽ ይበዛል፣ ፈቀቅ በይ" አለኝ። ፈቀቅ አልሁ። "ትንሽ ደግሞ" አለ። እንዲህ ፈቀቅ ስል ስል ከጋጣው በር ደረስሁ። ጥጃዋ ነጠላዬን ትልሳለች፣ ከሩቅ ድሪዬ አንጓች አንገት ላይ ሲያበራ አያለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ሰውየው ነገሩ የድግስ ወግ ይኑረው፣ ግጥም ያላት ትስጣት አለ። በኛ አገር ዘፋኝ ፊት "ተቀበይ" ብሎ ግጥም የሰጠ ሰው ካለ፣ ውዳሴም ይስጥ ስድብም ይስጥ፣ ዘፋኟ ተቀብላ መዝፈን አለባት። አልቀበልም ብትል ነውር ነው። ይኸን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ከጋጣው በር ተነሳሁ።

"ተቀበይ" አልኋት።

"ድምፅሽ ተሰማ አሉ ጉና ማዶ አልፎ፣
ባልሽ አልሰማ አለሽ ሐሙሲት ላይ አርፎ።"

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ፊቷ ላይ ያላነሳውን ነገር እኔ፣ አጥር ተጋሪዋ፣ በአገር ፊት አነሳሁት። ማሲንቆ መቺው የሰፈራችንን ነገር አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይመታል። አንጓች አየችኝ። ዓይኗ ላይ እንባ የለም፣ ቁጣም የለም። ዕቃ ሲያቀብሏት እንደምትቀበል ሴት ነው ያየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና አነሳችው።

"ድምፄ ተሰማ አሉ ጉና ማዶ አልፎ፣
ባሌ አልሰማ አለኝ ሐሙሲት ላይ አርፎ።"

ዓመት ሙሉ ያልተናገረችውን ያን ቀን ተናገረችው። እኔ ልወጋት የወረወርሁትን ከአየር ላይ ቀልባ የራሷ ልቅሶ አደረገችው። ሦስት ጊዜ መላልሳ አለችው። ሴቶቹ ማጨብጨብ አቅቷቸው አለቀሱ። ልቅሶ እኔንም ይዞኝ ነበር፣ ግን በእልህ ዋጥሁት።

"ካሴቱ ይቺ ናት" አለ ባለካሴቱ። ቀጥሎ ለማሲንቆ መቺው፣ "መጀመሪያ ላይ ያለችዋን ሻካራ ድምፅ ብቻ ቆርጬ አወጣታለሁ፤ በቦታዋ ማሲንቆህ ብቻውን ይግባ" አለው። እኔ እዚያው ቆሜ።

ሲያልቅ አንጓች እንግዳዋን ሁሉ አስተናገደች። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ የገብስ ጠላ። የኔን ዋንጫ ራሷ ይዛልኝ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጎንበስ ብላ በቀስታ፣

"ሌላ የለሽም?" አለችኝ።

ጠላውን አልጠጣሁት።

ካሴቱ ከፋሲካ በፊት ወጣ። ከደብረ ታቦር ወረታ የሚወርደው አውቶቡስ እሷን ያሰማል፣ ጠጅ ቤቱ እሷን ያሰማል። ሴቶች ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘው ያንጎራጉሯታል። ባሏ የሄደባትም ታለቅሳለች፣ ባሏ ከጎኗ የተኛም ታለቅሳለች። የሰብለ እናት እንኳ አፏን የፈታችው በዚያች ዘፈን ነው፤ "ጉና ማዶ" ስትል ሰምቼ በማማሰያ ጀርባዋን አልኋት። ምን እንዳጠፋች ዛሬም አታውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ባንድ ቅዳሜ ገበያ ከባሌ፣ ከሰብለ አያት ከቢሻው ጋር ድንች ጭነን ደብረ ታቦር ወረድን። ካሴት ሻጩ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሻጩ የአንጓችን ካሴት ልባስ ሰጠኝ፣ አገላበጥሁት። አንጓች ሰማያዊ ባሕር በተቀባ መጋረጃ ፊት ቆማለች። ድሪው የኔ።

"ጽሑፉ ምን ይላል?" አልሁት ሻጩን።

"ድምፅ አንጓች፣ ግጥም የሕዝብ ይላል።"

"ሙጪት የሚል የለም?"

"ሙጪት ማናት?"

"እኔ ነኝ። ያቺ የሐሙሲቷ ግጥም የኔ ናት።"

ሰው ዞሮ አየኝ። ሻጩ ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተኝ። "ታዲያ ያንቺ ባል የት ነው? ሐሙሲት ቀረ?" አለ።

ቢሻው ከኋላዬ የአህያዋን ገመድ ይዞ ቆሟል። "እሱ ነው" ማለት ሆነብኝ። ሻጩ ቢሻውን አየ፣ አህያዋን አየ፣ እኔን አየ። "እንግዲያ እታለም፣ ያንቺ አይደለችም" አለ፣ ገበያው ሳቀ። ከመሀል አንዲት የሰፈራችን ሴት፣ "ኧረ የሷ ናት፣ ልታሳፍራት ብላ ነው የሰጠቻት" አለች። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ሳቁ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ዳገቱን ወጣን። ዘንቦ ስለነበር መንገዱ እግር ይይዛል፣ አፈሩ ረጥቦ ያውዳል። ቢሻው እንደ ቀልድ፣ "እኔ ባለመጥፋቴ ነው የከፋሽ?" አለኝ። አህያዋን ነድቼ ቀደምሁት። ነገሩ እውነት ስለነበረበት።

ሐሙሲት ላይ ደግሞ አዳነ መድረሻ አጣ። ሽንኩርቱን ዘርግቶ ሲቀመጥ ሰው እያለፈ፣ "አያ አዳነ፣ ጉና ማዶ ተሰማ፣ አንተ አልሰማህም?" ይለዋል። ጠላ ሻጯም ሰልችቷት አባረረችው አሉ። ሰኔ ሳይገባ ሽማግሌ ይዞ፣ በግ ጎትቶ መጣ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፤ እሱን ጉዴን አልደብቅም። አንጓች ከደጃፏ አልተንቀሳቀሰችም።

"ከሰማህ ይበቃኛል" አለችው። "በል በመጣህበት ተመለስ።"

ክረምቱ ሲወጣ ለመዝፈን ባሕር ዳር ሄደች። ስትሄድ ድሪዬን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ መለሰችልኝ። ለግጥሙ ይቅርታ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይቅርታ ብጠይቅ ግን የኔ መሆኗ ቀርቶ ስድብ ብቻ ልትሆንብኝ ነው፤ የኔ ናት ብዬ ብሟገት ደግሞ ስድቤን ልናዘዝ ነው። ሁለቱንም ሳልል በደኅና ግቢ አልኋት። ከዚያ ወዲህ ግጥም አልመጣልኝም ብል አታምኑኝም። ይመጣል፤ የምሰጣት ጉሮሮ ግን አላገኘሁም።

አንጓች አሁን ከልጇ ጋር ባሕር ዳር ናት። ድምጿ ተዘግቷል የሚል ሰማሁ። ስሰማ ደስ ያለኝ መሰለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። ቅናት ሲያረጅም እንዲህ ነው፤ ጥርሱ ይወልቃል እንጂ መንከሱን አይተውም።

ሰብለ ይኸን እየጻፈች ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ስልኩ ላይ ከዘፈኗ ሥር ሰው ሁሉ የልቡን ይጽፋል አሉ። "የአያቴ ግጥም ነው ብዬ ልጻፍ?" አለችኝ። ጻፊ አልኋት። ሙጪት የሰጠቻት ናት በይ፣ የሰጠቻትም ጓደኛዋን ልታዋርድ ነው በይ። ሁለቱንም ካልጻፍሽ አንዱንም አትጻፊ አልኋት። ሰብለ እሺ አለች።

ከዚያ ዘፈኗን እንደገና አሰሚኝ አልኋት። ይቺ ቀጭን ልጅ ያን ካሴት እየሰማች ነው የተማረችው፤ ያለውንም የሌለውንም እንዳለ ወስዳዋለች። እዚያች ቦታ ስትደርስ አፏን ዘግታ ቆመች፣ ማሲንቆው ብቻውን ጮኸ፣ ልክ ሁለት ስንኝ የምታህል ጊዜ።

"አሁንም ዝም አለች" አለች ሰብለ።

"ዝም አላለችም" አልኋት። "እኔ እየተናገርሁ ነው።"